ሜዳዩ አለ፣ ምክንያቱ የለም፦ ለመከላከያ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢፌዴሪ መከላከያ ሚኒስቴር፣

የኮሪያ ዘማች የልጅ ልጅ ነኝ። ቡፌያችን ውስጥ የአያቴ ሜዳይ አለ። ለምን እንደተሸለሙ ግን ከቤተሰቡ የሚያውቅ የለም። «ለጀግንነት ነው» ይባላል፣ በቃ። የት? መቼ? ምን ሠርተው? አያቴ ስለ ኮሪያ ብርድ ማውራት ይወዱ ነበር። ስለ ውጊያው ሲጠየቁ ግን ወሬ ይቀይራሉ።

ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ታሪኩ እንደ ሻለቃ አልጠፋም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን መግባቱን እናውቃለን። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተዋጋ። በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ሰዎች ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። አፍንጮ በር ባለው መታሰቢያ ይህ ሲነገር አድገናል። የጠፋው የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ነው።

እግረኛ ወታደር ሲጀግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ቃኘዎች ደግሞ ብዙ የተዋጉት ሌሊት፣ ቅኝት ወጥተው ነው። ያዩት ሁለት ሦስት ጓዶች ከሞቱ ወረቀቱ ብቻ ነው ምስክር የሚሆነው። የቃኘው መኮንን የነበሩትን የማሞ ሀብተወልድን ታሪክ ተመልከቱ። ጥቂት ሆነው ቅኝት እንደወጡ በብዙ እጥፍ በሚበልጣቸው የቻይና ጦር ተከበው ተዋግተዋል። ይህን የምናውቀው በስተርጅና ለውጭ ጋዜጠኞች ስለተናገሩ ነው። ጋዜጠኛ በራቸውን ያላንኳኳ ሌሎቹስ?

ዝምታው ያለ ምክንያት አልመጣም። ቃኘው የወጣው ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ ከክብር ዘበኛ ነው። ክብር ዘበኛ ደግሞ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ትናንት ጃንሆይ የሸለሙት መኮንን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠርጣሪ ሆነ። ቀጥሎ ደርግ መጣና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ያኔ «ደቡብ ኮሪያ ዘምቼ ተሸለምኩ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ማን ነው? ሜዳዩ ሳጥን ገባ፣ አፍም ተዘጋ።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ሐውልት አይደለም። ሐውልትማ አለን። በኮሪያ የተሸለሙት ስም፣ ማዕረግ፣ የተዋጉበት ቦታ፣ ቀኑና የተሸለሙበት ሥራ በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ ለሕዝብ ይውጣ። በእናንተ መዛግብት ያለው ይከፈት። የጎደለውን ደግሞ ሌላ ቦታ መፈለግ ይቻላል። አሜሪካኖች ሜዳይ ሲሰጡ ምክንያቱን በጽሑፍ ትዕዛዝ ያወጣሉ፤ የጦሩ ሰነድም በብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው ይቀመጣል። ደቡብ ኮሪያም የራሷን ሽልማት ሰጥታለች። አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ደጅ ሊጠና አይችልም። ሚኒስቴሩ ግን በኤምባሲዎቻችን በኩል በደብዳቤ ሊያስመጣው ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። በፈረንጆች 1953 የኮሪያ ጦርነት የቆመበት ዓመት ነው፣ በእኛ 1953 ደግሞ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ጀግናውን ከእስረኛው መዝገብ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ስሞቹም ጣጣ አላቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአበሻ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ ባለቤቱ ራሱ ላይለየው ይችላል። መዝገቡ ከመታተሙ በፊት ለቤተሰቦችና ለዘማቾች ማኅበር ይታይ። በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ። እኔም የአያቴን ፎቶና ያሉንን ወረቀቶች ይዤ በተባለው ቀን እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሪያ ዘማች የልጅ ልጅ፣ አዲስ አበባ