የተጨመረችው 2 ሺህ ዶላር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ከመኪና አደጋ ካሳቸው ላይ «ጠበቃ ሲሶውን በላኝ» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። አዘንኩላቸው። እኔ ግን ሲሶ ከፍዬ ብገላገል ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ጊዜው ፌብሩዋሪ 2023 ነው። ዲሲ ከምሠራበት ፓርኪንግ ወጥቼ ወደ አሌክሳንድሪያ ስመለስ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ቆምኩ። ከኋላዬ የመጣው ልጅ አልቆመም። የኮሮላዬ የኋላ ኮፈን ተጨማደደ። እኔ ምንም የሆንኩ አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን አንገቴን ማዞር አቃተኝ፤ ግራ ትከሻዬም አልነሳ አለ።

በሦስተኛው ቀን የልጁ ኢንሹራንስ አድጀስተር፣ ማለትም የካሳ ጉዳይ የምትይዘው ሠራተኛ፣ ደወለችልኝ። ድምጿ ማር ነው። ንግግራችን ቢቀዳ እፈቅድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ፈቀድኩ። «እንዴት ነህ?» ስትለኝ እንደ ልማዳችን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ትከሻዬ ላይ በረዶ ይዤ! ከወራት በኋላ ኢንሹራንሱ በላከው ደብዳቤ ላይ ያቺ ቃሌ ሰፍራ አገኘኋት። «ከአደጋው በኋላ ደህና መሆኑን ተናግሯል» ይላል። ለፈጣሪ ያቀረብኩት ምስጋና ማስረጃ ሆኖ መጣብኝ። እንኳንም «ይቅርታ» አላልኩ። በቨርጂኒያ ሕግ ካሳ ጠያቂው ራሱ ለአደጋው ትንሽም አስተዋጽኦ አድርጓል ከተባለ ካሳው ጭራሽ ሊቀር ይችላል።

አድጀስተሯ በደወለችበት ሰሞን 4,500 ዶላር ልስጥህና ፈርም አለችኝ። አልፈረምኩም። የሥራ ባልደረባዬ ወደሚያውቀው ጠበቃ ላከኝ። እዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጬ ኮንትራቱን በአምስት ደቂቃ ፈረምኩ። ያነበብኩት «ካላሸነፍን አይከፍሉም» የሚለውን ብቻ ነበር። ዝቅ ብሎ የተጻፈውን አላየሁም፦ ክስ ሳይመሠረት ካለቀ የጠበቃው ድርሻ ሲሶ ነው፣ ክስ ከተመሠረተ 40 በመቶ። ጉዳዩን ለማስኬድ የሚወጣው ወጪ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል።

ከዓመት በላይ ቴራፒ ተመላለስኩ። ኤፕሪል 2024 ላይ ኢንሹራንሱ 24 ሺህ ዶላር አቀረበ። ጠበቃው ደውሎ ነገረኝና «ውሳኔው ያንተ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስምምነት የሚቀበለውም የሚጥለውም ደንበኛው ነው። ታዲያ እኔ ማንን አማከርኩ? ስካይላይን አካባቢ ቡና የምጠጣበትን ጠረጴዛ። እዚያ ሁሉም ሰው የሕግ ሊቅ ነው። «እንዳትቀበል! ክሰሳቸው፣ ይጨምራሉ» አሉኝ። በቨርጂኒያ ለመክሰስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ገና አሥር ወር ነበረኝ፣ የሚያጣድፈኝም አልነበረም። ቢሆንም ልቤ አበጠ። ክሰስልኝ አልኩት።

እውነትም ጨመሩ። ከስምንት ወር በኋላ 26 ሺህ አሉ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ሒሳቡ በወረቀት ሲመጣ ባለቤቴ የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ገልብጣ ጀርባው ላይ መደመርና መቀነስ ጀመረች። በግራ በኩል 24 ሺህ ብላ ጻፈች። ሲሶው 8,000፣ እስከዚያ የወጣው ወጪ 310፤ ቀሪ 15,690። በቀኝ በኩል 26 ሺህ። 40 በመቶው 10,400። ወጪው ለፍርድ ቤት፣ ለሐኪሙ ሪፖርትና ለምስክር ቃል ተብሎ 2,150 ደርሷል፤ ቀሪ 13,450። ከሁለቱም የሕክምናው 6,200 ይቀነሳል። በግራው 9,490፣ በእጄ የገባው 7,250። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ዝም ብላ አየችኝ። 2 ሺህ አስጨምሬ 2,240 ከሰርኩ።

ይባስ ብሎ ልጁ የነበረው በጊዜው የግዛቱ ሕግ የሚያስገድደው ዝቅተኛ ኢንሹራንስ ነው፤ ለአንድ ሰው ጉዳት 30 ሺህ ዶላር። (ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 50 ሺህ ሆኗል።) ራሱም ተማሪ ነው፣ ምን አለውና ይወሰድበታል? ባለቤቴ ይህንንም አሰላችው። ጣሪያውን ነክተው 30 ሺህ ሙሉውን ቢከፍሉኝ እንኳ ከጠበቃውና ከወጪው በኋላ የሚቀረው 15,850 ነበር። ከፊተኛው 15,690 የሚበልጠው በ160 ዶላር! ለ160 ዶላር ነው ስምንት ወር እንቅልፍ ያጣሁት።

ጠበቃው አልሰረቀኝም። የቴራፒውን ቢል ከ8,100 ወደ 6,200 ያስቀነሰው እሱ ነው፤ እኔ ብደውል ማን ይሰማኛል? ፐርሰንቱም እኔው የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ነበር። ቅሬታዬ አንድ ነው። ያን ቀን በስልክ «ዛሬ ብትቀበል በእጅህ ይህን ያህል ይገባል፣ ብንከስ ደግሞ ይህን ያህል ካልጨመሩ ትከስራለህ» ቢለኝ ምን ነበረበት? የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔም አልጠየቅኩትም።

ለጻፉት አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የቨርጂኒያ የጠበቆች ደንብ ፐርሰንቱ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ወጪው የሚቀነሰው የጠበቃው ድርሻ ከመሰላቱ በፊት ይሁን በኋላ ኮንትራቱ ላይ መገለጽ አለበት። ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኔ ሒሳብ ቀድሞ ቢቀነስ ኖሮ 860 ዶላር ይተርፈኝ ነበር። ሲያልቅም ገንዘቡ የት የት እንደሄደ የሚያሳይ ዝርዝር ሊሰጥዎ ይገባል። ካልሰጡዎት ይጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ «11 ሺህ አቀረቡልኝ፣ ልክሰስ?» ብሎ መጣ። ባለቤቴ መልስ ሳትሰጠው ፖስታ ፍለጋ ተነሳች።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ላይ ሁልጊዜ የአደጋ ጠበቃ ማስታወቂያ አይጠፋም፤ ሁሉም «ካላሸነፍን አይከፍሉም» ይላል። ከማስታወቂያዎቹ ጎን ሩብ ገጽ ብቻ ለቃችሁ እንዲህ ያለውን የሒሳብ ዝርዝር በአማርኛ ብታትሙልን? የእኔን ከፈለጋችሁ ስሜን አጥፍቼ እልካለሁ። ፖስታውም አለ።

አክባሪያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ