የመጋዙን ዲስክ አውልቄዋለሁ

አሰላሙ አለይኩም አባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ጠንቷል፤ ከሂርማታ እስከ ቤት ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኗል። የትንሿ የልጅ ልጅዎ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀው «አያቴ ሲመጡ አያውቁኝም» እያለች ትጨነቃለች። ትልቁ ከክፍሉ 3ኛ ወጣ። ላሟም ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው።

ወሬ የማበዛው ሌላ የምነግርዎ ስላለ ነው። በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ድምፅዎን ስሰማ ተውኩት።

እርስዎ ለሕክምና አዲስ አበባ እህቴ ጋ ከሄዱ ወዲህ ማታ ማታ በሥራ ቤትዎ እቀመጣለሁ። አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። ቃሉን ሲሰሙ ፊትዎ እንደሚለወጥ አውቃለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ያስነብቡልኝ።

በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ አየር ላይ የሚገለባበጥ ዓይነት ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር ነው፤ በዓለም አቀፉ የትርኢት ውድድር እስከ 2 ሜትርና እስከ 5 ኪሎ ስለሚፈቀድ የእኔው ጫጩት ነው። የተራ አውሮፕላን ክንፍ ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ለጥ ይላል። የዚህኛው ግን ተገልብጦም እንደ ቀናው እንዲበር ከላይም ከታችም እኩል ጎብጧል። ሁለቱን ጎኖች እኩል ለማድረግ አሥራ አንድ ማታ ፈጅቶብኛል። አካሉ ፎም ነው፤ አከርካሪው የተሰነጠቀ ቀርከሃ፤ ሞተሩ የተቀመጠበት ደግሞ ከእርስዎ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ የተቆረጠ። እርስዎ ለበርጩማ ዋንዛ ሲመርጡ ክብደቱን ይወዱለታል። እኔ ግን ከኮላው ላይ እንኳ ግራም እየቀነስኩ ነው የሠራሁት።

ጭራውን ከቡና ሚዛንዎ ጋር በገመድ አስሬ ሞተሩን ስከፍተው ሰጋቱራው ሁሉ ተነሥቶ ቤቱን ሞላው። መርፌው 1.3 ኪሎ ላይ ቆመ። አውሮፕላኑ 980 ግራም ነው። ጉልበቱ ከክብደቱ ካልበለጠ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቆም አይችልም፤ እንደ ልብ እንዲሆን ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያስፈልገዋል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። የነዳጅ ሞተር ቢሆን ኖሮ ራሱም ትንፋሽ ያጥረው ነበር። የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይተነፍስ የሚቸገረው እየተሽከረከረ አየሩን የሚገፋው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው። ባለ 10 ኢንቹን አውልቄ ባለ 11 ኢንች ገጠምኩለት፤ እንዳይቃጠል ሞተሩ የሚስበውን አምፔር ለካሁ፤ መርፌው 1.5 ኪሎን አለፈ። በዚያ ሌሊት ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ አባባ። ላሳየው የፈለግሁት ለእርስዎ ነበር።

ባትሪው ቤት ያቃጥላል ብለው እንዳይሰጉ፤ ትቼው ሄጄ አልሞላም። አየር ማረፊያውም ቅርብ ነው፤ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ፈቃድ ሳላገኝ ከመሬት አይነሣም።

የ8ኛ ክፍሉን አውሮፕላን ያስታውሳሉ? ከተሰበረ ቴፕ ሞተር አውጥቼ፣ ክረምቱን በሙሉ ደክሜ የሠራሁትን? ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀበናው ሥር እየነደደ አገኘሁት። «እንጨት ሠሪ እንጨት አያባክንም» አሉኝ። ዛሬ ሳሰላው አይበርም ነበር፤ ድንጋይ ባትሪዎቹ ከባድ፣ ክንፉም ትንሽ ነበር። ግን አለመብረሩን ሜዳ ላይ አውጥቼው ራሴ ላየው ይገባኝ ነበር። የከነከነኝ እንጨቱ መንደዱ ብቻ አይደለም። አንዴም በእጅዎ አንሥተው አላዩትም። እርስዎ በአንድ ጣትዎ አንጠልጥለው የጣውላ ሚዛን የሚያውቁ ሰው፣ የእኔን ሚዛን አላዩም። ሠላሳ ዓመት ስለዚህ ዝም ብያለሁ።

እጄን ይዘው መሮ ያስያዙኝም እርስዎ ነዎት፤ ያንንም አልረሳሁም።

አሁን ዋናውን ልናገር። ሐኪሙ የነገረንን እህቴ ለእርስዎ ሙሉውን አልነገረችዎትም። ግላኮማ የወሰደውን የዓይን ብርሃን አይመልስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘልሉ። መጀመሪያ የሚሄደው የጎን እይታ ነው ተባልን። በመጋዝ ላይ ደግሞ እጅ የሚመጣው ከጎን ነው። ባለፈው የቆረጥዎት ጣት «ሲያዳልጠኝ ነው» ያሉት፣ አላዳለጠዎትም አባባ። አላዩትም።

ስለዚህ ያለ ፈቃድዎ የመጋዙን ዲስክ አውልቄዋለሁ። በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። አንድ ሰው ሳይጠየቅ የእጁ ሥራ ሲወሰድበት ምን እንደሚሰማው ስለማውቅ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ። ይቆጡኝ፤ መብትዎ ነው። መጋዙን ግን አልመልስም። መላጊያው፣ መሮው፣ ሞረዱ በየቦታቸው ናቸው፤ አልነካኋቸውም።

ቀጠሮዎ ካለፈ በኋላ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ብቻዎን አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ።

የአውሮፕላኑ የክብደት መሐል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከስፋቱ ሩብና ሲሶ መካከል መሆን አለበት። ባትሪውን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተትኩ አስተካክዬዋለሁ፤ በሁለት ጣት ሲያነሡት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ነገር ግን እንቢ ብሎኛል። ቀኝ ክንፉ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ ያለች ይመስለኛል፤ በዓይኔ አላገኘኋትም፤ ጣቴም እንደ እርስዎ ጣት አይደለም። ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ መስኮቱ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ።

ልጅዎ
ጅማ