ጉንጭህ ውስጥ ስለደበቅካት ካሮት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ትናንት ማታ የላክልኝን የእራትህን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ፓስታ፣ ከጎኑ ዳቦ። ራስህ አብስለህ መብላትህ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ሰሃኑ ላይ አንድም አረንጓዴ ነገር አጣሁ። ስደውልልህ፣ "እማዬ፣ አትክልት ከልጅነቴ እንደማይሆነኝ ታውቂያለሽ እኮ" አልከኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አትክልት ያስጠላሁህ እኔ ነኝና።

ስድስት ዓመትህ ነበር። ጎመኑን ከግማሽ ሰዓት በላይ እቀቅለዋለሁ። አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ይወጣል፣ ቤቱን ያ ከባድ ሽታ ይሞላዋል። ካሮቱ ደግሞ ሹካ ሲነካው ይፈርሳል። ውሃውን አጠልዬ እደፋለሁ፣ ሰሃንህን እሞላለሁ፣ "ሳትጨርስ አትነሳም" እልሃለሁ። አንድ ቀን አንዲት የካሮት ቁራጭ ጉንጭህ ውስጥ ደብቀህ ብዙ ሰዓት ተቀመጥክ። አልዋጥካትም፣ አልተፋሃትም። ዓይንህ እንባ አቅርሮ ዝም ብለህ ታየኛለህ። እኔም እልህ ይዞኝ ተቀመጥኩ። ዛሬም ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል። ይቅርታ አድርግልኝ፣ የኔ ጌታ።

ያኔ ያልገባኝን አሁን አውቄዋለሁ። ጎመን እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያሉት ድኝ አዘል ንጥረ ነገሮች እየተሰባበሩ ያንን ሽታ ይፈጥራሉ። ቶሎ ከወጣ ግን ለምላሱ ጣፈጥ ይላል። አረንጓዴው ቀለም የሚጠፋውም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ነገር በሙቀት ብዛት ውስጡ ያለውን ማግኒዚየም ስለሚያጣ ነው። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ውሃው ነው። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚን በውሃ ይሟሟሉ፣ ሙቀትም ይጎዳቸዋል። አንተን እያስለቀስኩ ቅጠሉን አበላሃለሁ፣ ለሰውነትህ ይጠቅም ከነበረው ብዙውን ደግሞ ከውሃው ጋር እደፋለሁ። ፎሌት ስሙ ራሱ በላቲን "ቅጠል" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ተመራማሪዎች ይህንን ስም ሲያወጡለት ያገኙት ከስፒናች ቅጠል ነበር።

ስለዚህ አትክልት አይሆነኝም አትበል። በደንብ የተሠራ አትክልት ገና አልቀመስክም።

ባለፈው ሆድ ድርቀት አስቸገረኝ ብለኸኝ ነበር። መድኃኒት ከመግዛትህ በፊት ሰሃንህን ተመልከት። ፓስታህና ነጭ ዳቦህ ውስጥ ያለው ቃጫ (ፋይበር የሚሉት) ትንሽ ነው። የአትክልት ቃጫ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ድረስ ይዘልቃል። ከፊሉ ውሃ ይይዝና ሰገራን ያለሰልሳል። ከፊሉን ደግሞ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይበሉታል፣ እነሱ የሚያመነጩት ነገር መልሶ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ቃጫ ይመከራል። ብቻ በአንዴ አታብዛው፣ ሆድህን ይነፋሃል። ቀስ እያልክ ጨምር፣ ውሃም ጠጣ።

በአባትህ በኩል ደም ግፊት በዘር እንዳለ ታውቃለህ። አትክልት ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን የጨውን ጉዳት ለመቋቋም ይረዳል። ገና ወጣት ነህ፣ ግፊትህም ደህና ነው። እንዲህ እንዳለ እንዲቆይልህ ነው ጭንቀቴ።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህን የምነግርህ የተጠበሰ ድንች እንደምትወድ ስለማውቅ ነው። ሚዛን ይዘህ ተቀመጥ ግን አልልህም። የሰሃንህ ግማሽ አትክልትና ፍራፍሬ ከሆነ ይበቃኛል። ሥጋና እንቁላል ተው ማለቴም አይደለም። ቫይታሚን ቢ12ን ከጎመን አታገኘውም።

እስቲ በካሮት ጀምር። ሁለት ካሮት እጠብና በስሱ ክተፍ። መጥበሻው ሲግል አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምር፣ ካሮቱን አስገባ፣ ትንሽ ጨው ነስንስበት። አምስት ደቂቃ ያህል እያገላበጥክ አብስለው። ጠርዙ ቡናማ ማለት ሲጀምር አውጣው። ስትነክሰው መሃሉ ገና ጠንከር ማለት አለበት። ዘይቱን አትፍራው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ሰውነትህ ውስጥ የሚገባው ከቅባት ጋር ነው። ከገባ በኋላ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፣ ዓይንህ በጨለማ እንዲያይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ጎመን ስትሠራ ውሃ ጠብ አድርገህ ክደነውና ቀለሙ ደመቅ እንዳለ አውጣው። ከዚያ ሎሚ ጨመቅ አድርግበት። ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፣ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። ነጭ ሽንኩርት ካለህ ጨፍልቀህ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተህ ነው እሳት ላይ የምታደርገው። ጥሩው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ቲማቲም ግን አብስለው፣ ቀይ ያደረገው ላይኮፒን ሲበስል ይበልጥ ለሰውነት ይመቻል። ከሥራ ደክሞህ መክተፍ ካቃተህ ደግሞ በበረዶ የተቀመጠውን አትክልት ግዛ። አብዛኛውን ጊዜ እንደተለቀመ ስለሚቀዘቅዝ ከትኩሱ ብዙም አያንስም።

የመጀመሪያ ቀን ላይጥምህ ይችላል። ምላስ አዲስ ጣዕም የሚለምደው በመደጋገም ነው። ልጆች አንዳንዴ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ይህን ባለማወቄ አንድ ሙሉ ሰሃን ደቅኜ አስጨነቅኩህ። ሁለት ሦስት ቁራጭ ሰጥቼህ፣ ሳልቆጣህ፣ በማግስቱ እንደገና ብሞክር ኖሮ የዛሬው ሰሃንህ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

እሑድ ስትመጣ ካሮቱን አጠገብህ ቆሜ እሠራዋለሁ። አንድ ቁራጭ ብቻ ቅመስልኝ። ካልጣመህ አስቀምጠው፣ ምንም አልልህም።

የምትወድህ እናትህ