አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ለምትቀበሉ አባላት

ሰላም ውድ አባላት፣

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ግቢው አንድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መናኸሪያ ላይ ሻንጣ ባጃጅ ላይ ከመጫናችሁ በፊት የተመደቡት ዋናው ግቢ ይሁን አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ጥሪውን አስከፍታችሁ አንብቡ። በስም ብቻ ከሄዳችሁ ሂሳቡ ሁለቴ ይከፈላል።

ሌላው ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፤ ከቆላ የመጣ ልጅ ስስ አንሶላ ይዞ ይመጣል። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ካልሲና የሎከር ቁልፍ ቀድመው ይግዙ። ጂንስ ማታ አጥቦ ማስጣትማ ከንቱ ልፋት ነው! በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ስለሚመታው ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቆ ይገኛል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ መልሶ ይረጥባል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብ።

የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው ለየብቻ፣ ጉርድ ፎቶም ትርፍ ይኑር።