ሳጥኑን ከማልበስሽ በፊት

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ነሐሴ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጊታር አምፕሊፋየርሽን ሳጥን ፎቶ አየሁት፤ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። የቀረሽ ልብሱና ብረታ ብረቱ ነው።

ከእንጨቱ ጀምሪ። ሌዘር ጉድለት ይሸፍናል የሚሉሽን አትስሚ፤ የቪቲ ጭንቅላትም ሆነ የደረቀ የኮላ ጠብታ ከላይ እንደ ብጉር ይታያል። ጉድጓዱን በስቱኮ ሙዪና ሲደርቅ በ80፣ ቀጥሎ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪው። የማዕዘን ብረቶቹን፣ ስምንቱንም፣ አሁኑኑ ግዢ። የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ክብ የሚሆነው በእነሱ ልክ ነው፤ ከለበሰ በኋላ ብረቱ አልገጥም ቢል መመለሻ የለውም። ከዚያ ጠርዞቹንና የፊቱን ሰሌዳ ጥቁር ቀለም ቀቢ። መገጣጠሚያው አንድ ሚሊ ሜትር ቢከፈት ነጭ እንጨት አይታይም፤ የስፒከሩ ጨርቅም ሥሩ ያለውን አያሳይም።

የሳጥኑ ልብስ የሚሆነው ሌዘር፣ ቶሌክስ የሚባለው፣ ጀርባው ጨርቅ የሆነ ቪኒል ነው። መርካቶ የሶፋና የመኪና ወንበር ልብስ ከሚሸጡት ዘንድ አቻውን ታገኛለሽ። ገልብጠሽ እዪው፤ ጀርባው ጨርቅ ካልሆነ ተዪው፣ ስትስቢው ይለጠጥና ቆይቶ ይሸበሸባል። ሳጥንሽ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 45፣ ጥልቀቱ 28 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 190 ነው። ወርዱ 1.40 ከሆነ ጣቃ 2 ሜትር ይበቃሻል፤ ለዙሪያው 2 ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ፣ ከቀሪው የጀርባው ክዳን ይወጣል። ክዳኑን ግን ከማልበስሽ በፊት ለኪው። ሳጥኑም ክዳኑም ሲለብሱ ከግራና ከቀኝ በድምሩ አራት ንብርብር ሌዘር ይገባል፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ክዳኑን 5 ሚሊ ሜትር አሳንሺው፤ በመዶሻ የሚገባ ክዳን ልብሱን ይልጠዋል።

ማስቲሹ ላይ አትቸኩዪ። እንጨቱንም ሌዘሩንም በስሱ ቀቢና እርጥቡን አታጣብቂ። በጣትሽ ጀርባ ስትነኪው የማይከተልሽ ሲሆን ነው ጊዜው፤ በበጋ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ አሁን በነሐሴ ከዚያ በላይ። እርጥቡን ከከደንሽው ውስጡ የታፈነው ጋዝ አየር ቋጥሮ ያብጣል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር በጠዋት ሥሪ፤ እርጥበት ከበዛ ማስቲሹ ላዩ ነጣ ይልና አይዝም። በረንዳ ላይ ይሁን፤ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ በአቅራቢያው አይኑር፣ የማስቲሹ ትነት እሳት ይይዛል። ጎረቤት ቡና ካፈላም ማስቲሹን ቆይተሽ ክፈቺው።

ከላይኛው ፊት መሃል ጀምረሽ ወደ ሁለቱ ጎኖች አውርጂ፣ በመዳፍሽ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋሽ። ሁለቱ ጫፎች ከሥር ይገናኙ። እዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ማስቲሽ ሳትቀቢ ተዪ፤ ጫፎቹን ደርበሽ፣ የብረት ማስመሪያ አስደግፈሽ፣ ሁለቱንም በአንድ ምት በአዲስ ምላጭ ቁረጪ። ትርፉን አውጥተሽ ቀቢና ግጠሚው፤ ስፌቱ አይታይም። ዳሩን ወደ ውስጥ ስታጥፊ ማዕዘኑ ላይ የሚከማቸውን በ45 ዲግሪ ቁረጪው፤ ጥቂት ቢዛነፍ የማዕዘን ብረቱ ይሸፍንልሻል።

ለስፒከሩ ፊት የምትመርጪውን ጨርቅ አፍሽ ላይ አድርገሽ ተንፍሺበት። ትንፋሽሽን ከያዘ ቀጭኑን ድምፅም ይይዛል። ከየጎኑ መሃል ጀምረሽ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ በስቴፕለር ምቺ። ፖሊስተር ከሆነ የላላውን የጸጉር ማድረቂያ በሩቁ ያጠብቀዋል።

ቀዳዳ ሁሉ፣ የእጀታውም የእግሩም የጃኩም (የገመዱ መሰኪያ)፣ ስፒከሩ ከመግባቱ በፊት ይበሳ። የድሪሉ የብረት ፍቅፋቂ ማግኔቱ ላይ ከተለጠፈና የሽቦ ጠመዝማዛው ያለበት ክፍተት ከገባ፣ ያ ስፒከር ዕድሜውን ሁሉ ይንጫጫል። የእጀታውን ቦታ ግን በማስመሪያ መሃል አታድርጊው። ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን ለጊዜው አስገብተሽ ሳጥኑን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስቀምጪና ሳያጋድል ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጊ፤ ትራንስፎርመሩ ወዳለበት ያጋድላል። ምልክት አድርጊና ሁሉንም አውጥተሽ ብሺ። እጀታው በእንጨት ቪቲ ሳይሆን በብሎን፣ በሮንደላና በዳዶ ይታሰር፤ የሚሸከመው ሲጮኽ ሲርገበገብ የሚውል ክብደት ነው።

የስፒከሩን ብሎኖች በመስቀል አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ እሰሪ፤ ከመጠን ካጠበቅሽ ክፈፉ ይጣመማል። ካቻቪቴው ቢያመልጥሽ የስፒከሩን ወረቀት ይበሳዋል፤ በሌላ እጅሽ ጋርጂው። የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ስታስነኪው ወረቀቱ ወደ ፊት ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ወይም 7 ቢያሳይ አትደንግጪ፣ ትክክል ነው። ከጃኩ እስከ ስፒከር ተራ ባለ ሁለት መስመር ወፈር ያለ ሽቦ አድርጊ፤ የጊታር ገመድ ቀጭን ስለሆነ ይግላል። አምፕሊፋየሩ ባለ ቱቦ (በብርጭቆ ቫልቭ የሚሠራ) ከሆነ ስፒከር ሳይገናኝ አታብሪው፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ውስጡንም፣ ሶኬቱ ቢነቀልም፣ አትንኪ፤ ካፓሲተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

በመጨረሻ ወፍራሙን ክር ጮክ አድርገሽ ምቺና አድምጪ። የሚያንቀጫቅጭ ነገር ካለ እጀታውን፣ ክዳኑን፣ የማዕዘን ብረቱን ተራ በተራ በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊ፤ ስትጫኚው ዝም ያለው እሱ ነው። ከተረፈሽ ሌዘር ቁራጭ ሥሩ አድርጊለትና መልሰሽ እሰሪው።

አባትሽ