«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ላልሽው ጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጠፋሁ አይደል? አንቺም ጠፍተሻል፤ ተቻችለናል።

እህትሽ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ብለሽ የጣልሽውን የእቁብ ብር «ዘር ነው፣ በዝቶ ይመለሳል» ብለሽ ለነቢዩ ላክሽለት አሉ። ለቸርቹም አይደል፤ በራሱ ስም በተከፈተ ቴሌብር። ለምን ብትልሽ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ብለሽ አፏን አስያዝሻት።

እስቲ ጥቅሱን ከነዙሪያው አንብቢው፤ መዝሙር 105 ነው። የሚያወራው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው። በሰው አገር ሲንከራተቱ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው እግዚአብሔር ገሠጸላቸው። ጉልበተኛ ስደተኛን እንዳይነካ የተነገረ ቃል ነው! ዛሬ በጋርድ ታጅቦ የሚገባ ሰው «ብሩ የት ገባ» እንዳይባል ይጠቅሰዋል። ንጉሥ ዳዊትም እኮ የተቀባ ነበር፤ ሲበድል ግን ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ የሰበከውን በየቀኑ ከመጻሕፍት ይመረምሩ ነበር፤ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተረገሙም።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖችማ ከእኛ የነቁ ነበሩ። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ፣ ተጓዥ አገልጋይ ሲመጣ ተቀበሉት፣ ሲሄድ ለመንገዱ እንጀራ ስጡት ይላል። ገንዘብ ከጠየቀ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው። በመንፈስ ሆኖ «ብር ስጡኝ» ቢልም አትስሙት፤ ለሌላ ችግረኛ ከለመነ ግን ማንም አይፍረድበት። በዚህ ሚዛን ስንቱ ያልፍ ይሆን?

ብር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ኬንያ ውስጥ፣ ሻካሆላ ጫካ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ሰባኪው «ኢየሱስን ለማግኘት እስከ ሞት ጹሙ» ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ያንቺው እንዲህ ነው አላልኩም። ግን አለመጠየቅ የት ድረስ እንደሚወስድ እዪው።

ሞኝ ነሽ እያልኩም አይደለም። ባል ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል «በሦስት ወር በር ይከፈታል» ሲሉሽ ማን ልቡ አይሄድም? ሦስት ወሩ ግን አለፈ። ዘዳግም 18 መጨረሻ ላይ ነቢይ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም ይላል፤ «እርሱን አትፍራው» ብሎም ይጨምራል።

ከትምህርት ቤቱ ክፍያ የጎደለውን ንገሪኝ፤ ከእህትሽ ጋር ተጋግዘን እንሞላዋለን። አንቺ ደግሞ ለነቢዩ ደውይና ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ጠይቂው። የመለሰልሽን ጻፊልኝ።

ያንቺው፣
የድሮ ጓደኛሽ