«ለዋጋ ኢንቦክስ» ማለታችን ይብቃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚነግድ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብለው የጻፉትን አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ዛሬ ልጆቼን የሚያስተምረው ግን ከሱቋ ይልቅ በስልኬ የሚመጣው ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ ስድቡ እኔንም ነክቶኛል። ቢሆንም የጸሐፊው ምሬት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ገዢው እንዳያምነን ያደረግነው እኛው ነን፤ ዋናው ጥፋታችንም ዋጋ መደበቃችን ነው።

ገጽ የከፈትኩት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ የከፈተችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሌሎች እንዴት እንደሚጽፉ አይቼ እኔም ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ለዋጋ ኢንቦክስ»፣ ማለትም ዋጋውን በግል መልእክት ጠይቁኝ፣ እያልኩ እጽፍ ነበር። ጎረቤት ዋጋዬን አይቶ አምስት መቶ ብር ቀንሶ ይለጥፋል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ ገዢዋ አንዴ ካናገረችኝ በጨዋታ እይዛታለሁ እላለሁ። የማፍርበት ሦስተኛ ምክንያትም ነበረኝ፤ ከውጭ አገር ለምትጠይቀኝ ከፍ አድርጌ፣ ለሰፈር ሰው ዝቅ አድርጌ እናገር ነበር።

አንድ ቀን ከደሴ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ሦስት ጊዜ ጽፋልኝ ሳልመልስላት ቆይቻለሁ። «እህቴ፣ ዋጋውን ያልጻፍሽው ማን መሆኔን አይተሽ ልትነግሪኝ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቀሚሱንም ከሌላ ገዛች።

ከዚያ በኋላ ደብተር አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። በአንድ ወር «ስንት ነው?» ብለው የጻፉልኝ 63 ሰዎች ናቸው፤ የገዙት አራት። በቀጣዩ ወር በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ዋጋውን ጻፍኩ። የጻፉልኝ ወደ 20 ወረዱ፤ የገዙት ግን ዘጠኝ ሆኑ። የቀሩት ዋጋውን አይተው አቅማቸውን ያወቁ ሰዎች ናቸው። እነሱም አልደከሙ፣ እኔም እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ተጎልቼ አላደርኩ።

ዋሽንግተን ያለች ደንበኛዬ ከሥራ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነው። ድሮ «ስንት ነው?» ብላ ትጽፋለች፤ እኔ ጠዋት እመልሳለሁ፤ ያኔ ደግሞ እሷ ተኝታለች። በእንዲህ ያለ ምልልስ ሦስት ቀን አልፎ ፍላጎቷ ይበርዳል። አሁን እኔ ተኝቼ ሳለሁ ዋጋውን፣ ቁመቱን፣ የጥለቱን ቀለም አንብባ ትወስናለች፤ ጠዋት ስነሣ የማገኘው የልኳን ቁጥር ነው።

የጎረቤቱ ፍርሃት ከንቱ ነበር አልልም። በእርግጥ ቀንሶ የለጠፈ ነበር። ደንበኞቼ «እዚያ በግማሽ ዋጋ አለ» እያሉ መጡ። የዚያኛው ግን ጥለቱ በማሽን የታተመ ጨርቅ ነው፤ የእኔ በእጅ የተሸመነ። በፎቶ ላይ ሁለቱን መለየት ለማንም ይከብዳል። በዚህ ጊዜ መላ የነገሩኝ አብረውኝ የሚሠሩት ሸማኔ ናቸው። ከጨንቻ የመጡ አባት ናቸው፤ ጋሽዬ እላቸዋለሁ። «የእኔን ድካም ለብቻው ጻፊው፤ ሰው ይወቀው» አሉኝ። እውነት ለመናገር ፈራሁ። ትርፌን አደባባይ ማውጣት መሰለኝ።

ግን ጻፍኩት። ቀሚሱ 14,500 ብር፤ ከዚህ ውስጥ ፈትልና ክር 4,200፣ የሸማኔ 5,000፣ ጥልፍና ስፌት 2,300፣ የቀረው 3,000 የሱቅ ኪራይ፣ ግብርና የእኔ ድርሻ። ከሥሩ ጋሽዬ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውሩ የሚያሳይ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ለጠፍኩ። ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው የሸማ ዕቃው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ልጃገረዶች ቀሚሱን ለብሰው እስክስታ ሲመቱ ቀርጬ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አየው፣ ማንም አላዘዘም። የጋሽዬን ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያው ሳምንት ግን ስድስት ትዕዛዝ መጣ። «ለምን ተወደደ?» የሚለኝም ቀረ። አንዳንዷ እንዲያውም «ለአባት ትንሽ ጨምሪላቸው» ብላ ከዋጋው በላይ ልካለች፤ ገንዘቡ ለእሳቸው ደርሷል።

ዋጋ ይለዋወጣል፣ እንዴት ይጻፋል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ እኔ የምገዛው ክር ዋጋው ረግቶ አያውቅም። እኔ ከዋጋው አጠገብ ቀን እጽፋለሁ፤ «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጸናል» እላለሁ። ሲያልፍ አስተካክላለሁ። በሱቅ ለሚሸጥ ዕቃ ዋጋ መለጠፍ እኮ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጣለብን ግዴታ ነው። ሱቃችን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈውን ስልክ ላይ የምንደብቅበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ፎቶን በተመለከተ የበደልኳት ሴት አለች። ስልኩ ፎቶ ሲያሳምር አረንጓዴውን ጥለት ሰማያዊ አስመስሎት እኔም ሳላስተውል ለጥፌዋለሁ። ሴትዮዋ ከሐዋሳ ያዘዘችው ለሰማያዊ ነጠላዋ እንዲስማማ ነበር። ገንዘቧን መለስኩ፤ የበዓሏን ቀን ግን መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የማነሣው ጠዋት ከሱቁ በር ላይ፣ ማሳመሪያውን አጥፍቼ ነው፤ የስፌቱን ውስጠኛ ገጽም አሳያለሁ።

ማጭበርበር ግን በሐሰተኛ የክፍያ ስክሪንሾት በእኛም ላይ የደረሰ መሆኑን እኚያ አንባቢ ይወቁልኝ። ዕቃ በሞተረኛ ልኬ 6,500 ብር የቀለጠበት ቀን አለ። አሁን ቀብዱ ቴሌብሬ ውስጥ መግባቱን በዓይኔ ሳላይ ዕቃ አይወጣም፤ ገዢውም ዕቃው እጁ እስኪገባ ከቀብድ በላይ እንዲከፍል አልጠይቅም።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደንበኛችሁን በገጻችሁ ላይ ብቻ አታኑሩት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ቪፒኤን የሚባለውን እገዳ ማለፊያ የማያውቅ ገዢ ሁሉ ከእኛ ተቆረጠ። በዚያ ዓመት ፋሲካን ያሳለፍኩት በዚያችው ደብተር ነው። ከዚህ በፊት የገዛ ሰው ሁሉ ስልኩ ተጽፎባት ስለነበር አጭር መልእክት ላክሁ፣ ደወልኩም። አጠገቤ ያለች ባለሱቅ ብዙ ሺህ ተከታይ ነበራት፤ የአንዳቸውም ቁጥር አልነበራትም። አምስት ወር ሙሉ ተቀምጣ ዋለች፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ቅሬታ ያቀረቡት አንባቢ በአካል ሊያዩኝ ከፈለጉ ሽሮ ሜዳ ነኝ። የጠየቁኝን ልብስ ገጼ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ሳንቲም ሳልጨምር እሸጥላቸዋለሁ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ስለሚባል አሁን ሥራ የሚበዛብን ጊዜ እየመጣ ነው። ዛሬ ጠዋት ገጼ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፤ «ለጥምቀት የሚሆን ትዕዛዝ እስከ ታኅሣሥ 10 ብቻ እንቀበላለን። ሽመናው ሁለት ሳምንት፣ ጥልፍና ስፌቱ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የምታዝዙ ለበዓሉ ስለማይደርስላችሁ ገንዘብ አትላኩ።»

ከአክብሮት ጋር፣
የሽሮ ሜዳ ነጋዴ አንባቢያችሁ